እናቴም መሥሪያ ቤቴም ሲያመለክቱልኝ

"ሁለት ቦታ ካመለከትክ ሁለቱንም ይዘጉብሃል።" ይሄን ያላለኝ ዘመድ የለም። ስህተት ነው። በአሜሪካ ሕግ ለአንድ ሰው ግሪን ካርድ በቤተሰብም በሥራም በአንድ ጊዜ ማመልከት ይቻላል፣ አንዱ ፔቲሽንም (ማመልከቻ) ሌላውን አይጎዳም። ይሄን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ብዙ ዓመት አላባክንም ነበር።

መጀመሪያ ያመለከተችልኝ እናቴ ናት። የአሜሪካ ዜግነቷን ስታገኝ በ2017 አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ አስገባችልኝ። ከ21 ዓመት በላይ ስለሆንኩና ስላላገባሁ ኤፍ 1 በሚባለው ምድብ ገባሁ (የተማሪ ቪዛው አይደለም፣ ስማቸው ብቻ ነው የሚመሳሰለው)። ከዚያ ወረፋው የት እንደደረሰ በየወሩ የሚወጣውን ቪዛ ቡለቲን መክፈት ሆነ ሥራዬ። በ2023 ቡለቲኑ ገና በ2015 መጀመሪያ አካባቢ የገባላቸው ሰዎች ላይ ነበር። ለወራት ንቅንቅ የማይልበት ጊዜ አለ።

መጠበቁስ ይሁን። የከበደኝ ጋብቻው ነው። ካገባሁ እናቴ ዜጋ ስለሆነች ፋይሉ አይሞትም፣ ግን ያገቡ የዜጋ ልጆች ወደሚገቡበት ወደ ኤፍ 3 ይዛወራል፣ እዚያ ደግሞ ወረፋው ከአስር ዓመት በላይ ነው። (የሚያመለክትላችሁ ወላጅ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ከሆነ፣ እሱ ዜጋ ሳይሆን ማግባት ፋይሉን ጭራሹን ይገድለዋል። እባካችሁ ይሄን ሳታጣሩ ቀለበት አታድርጉ።) እጮኛዬ ምንም አላለችኝም፣ ግን ቤተሰቦቿ "መቼ ነው?" ሲሏት የምትመልሰው ስታጣ አያለሁ። እናቴም ልጄን አሰርኩት እያለች ታዝናለች። እሷ እኮ ያደረገችው ሁሉ ለኔ ነው።

ኤች-1ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ላይ ስለነበርኩ በመጨረሻ አለቃዬን በሥራ በኩል እንዲያመለክትልኝ ደፍሬ ጠየቅኩ። እሺ አለኝ። አሠሪው መጀመሪያ ማስታወቂያ አውጥቶ ለቦታው የሚሆን አሜሪካዊ ሠራተኛ እንዳላገኘ ማሳየት አለበት፣ ያ ፐርም የሚባለው ነው፣ ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ የሚገባው። የኔ መጋቢት 2022 ገባ። የፐርሙን ወጪ፣ የጠበቃውንም ጭምር፣ መክፈል ያለበት አሠሪው ነው። ከደሞዝህ እንቆርጣለን የሚላችሁ ካለ ሕጉ አይፈቅድለትም። ቀጥሎ አሠሪው የሚያስገባው ፔቲሽን፣ አይ-140፣ ገብቶ ጸደቀ።

ጠበቃዋን መጀመሪያ የጠየቅኳት "የእናቴን የ2017 ቀን ለሥራው መጠቀም እችላለሁ ወይ?" ብዬ ነበር። አይቻልም። የቤተሰብ ፕራዮሪቲ ዴት (ወረፋ የተያዘበት ቀን) ለቤተሰብ፣ የሥራው ለሥራ ነው። ተናድጄ ነበር፣ ግን የሥራው ወረፋ ለኛ አገር ተወላጆች በጣም አጭር ስለነበር ያ 2017 አላስፈለገኝም።

የሥራው ፋይል ደግሞ አገባህ አላገባህ አይለኝም። እንዲያውም ግሪን ካርዱ ከመጽደቁ በፊት ካገባሁ ባለቤቴ በኔው ፋይል ትካተታለች። ከጸደቀ በኋላ ባገባ ግን ለብቻዋ በአይ-130 ማመልከትና እንደገና ወረፋ መጠበቅ ነው። ይሄን የሰማሁ ቀን ሥራ ቦታ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሜ ለእጮኛዬ ደወልኩላት። መስከረም 2023 ተጋባን፣ ጥቅምት ላይ ሁለታችንም የመጨረሻውን የግሪን ካርድ ማመልከቻ፣ አይ-485ን፣ አስገባን፣ በሚቀጥለው ዓመት ጸደቀልን።

ሁለት ፋይል ያለው ሰው ከምንም በላይ መጠንቀቅ ያለበት ወረቀቶቹ እንዲመሳሰሉ ነው። አይ-140 ራሱ ከዚህ በፊት ሌላ ፔቲሽን ገብቶለታል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዎ በሉ፣ አትደብቁ። እናቴ የልደት ቀኔን ወደ ፈረንጅ ስትቀይረው በአንድ ቀን ተዛንፎ ኖሯል፣ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ለጠበቃዋ ቀድሜ ባልነግራትና የማብራሪያ ደብዳቤ አብሮ ባይገባ ምን እንደሚያመጣ ማን ያውቃል? የአያት ስም አጻጻፍም እንደዚሁ ነው።

ተማሪ ቪዛ ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቡበት። አይ-130 ከገባላችሁ አገር ቤት ሄዳችሁ ቪዛ ስታሳድሱ ቆንስላው አሜሪካ ለመቅረት አስባችኋል ሊል ይችላል። ኤች-1ቢ ላይ ይሄ ችግር የለም።

አሁን የቀረችን ታናሽ እህቴ ናት። እሷም በ2017 ነው የገባላት፣ አዲስ አበባ ሆና ትጠብቃለች። ነርስ ናት። ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ያንን የማስታወቂያውን ጣጣ እንደሚዘሉት፣ አሠሪው በቀጥታ አይ-140 ማስገባት እንደሚችል ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ትናንት ማታ ደውዬ ነገርኳት። "የእማዬስ ፋይል?" አለችኝ መጀመሪያ። እሱም ይቀመጥ አልኳት፣ የትምህርት ማስረጃሽን ግን ነገ ማሰባሰብ ጀምሪ።