ከቦሌ እስከ ደለስ፦ የእናቴን ጉዞ በሰዓት ስቆጥር

እናቴ ወደ ዋሽንግተን ልትመጣ ቲኬት እንደተቆረጠላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ልጄ፣ መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላ ነው። የስኳር መድኃኒቷን በየ12 ሰዓቱ፣ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው የምትወስደው። «ረጅም ነው እማዬ» ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ርቀቱን ለፍጥነት በማካፈል ጀመርኩ። ከቦሌ እስከ ደለስ፣ የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበር 13 ሰዓት አይሞላም። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ ሳስቀምጥ መስመሩ በቻድና በኒጀር ላይ አለፈ። በልጄ ሉል ላይ ክር ወጥሬ ስይዝ ግን ክሩ ሱዳንንና ሊቢያን አቋርጦ ፖርቱጋል ደረሰና ከዚያ አትላንቲክን ተሻገረ። አጭሩ መንገድ የክሩ ነው፤ ምድር ክብ ናትና።

13 ሰዓት ብዬ ልነግራት ስል ቲኬቱ ላይ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ እንደሚያርፍ አየሁ። ምክንያቱ ቦሌ ራሱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ይገኛል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅማቸው ይቀንሳል። አውሮፕላኑ እስከ አሜሪካ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ መነሳት ስለሚከብደው መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል። ደለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሲነሳ ነዳጁን ሞልቶ፣ ከምዕራብ የሚነፍሰውም ነፋስ እየገፋው በአንድ በረራ አዲስ አበባ ይገባል። ስለዚህ የመምጫው ሰዓት ለመመለሻው አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ማካፈሉን ትቼ የቲኬቱን ሰዓት ያዝኩ። መነሻ 22:30፣ መድረሻ በማግስቱ 08:00 ይላል። ዝም ብሎ ለቀነሰው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ እህቴም ለእማዬ የነገረቻት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም የተጻፉት በየአገሩ ሰዓት ነው። ወሩ ሐምሌ ስለነበር ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ እዚህ 08:00 ሲሆን እዚያ 15:00 ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ከምሽቱ 4:30 ተነስታ ከቀኑ 9 ሰዓት ትደርሳለች፤ 16 ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

እህቴ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፈችላት፦ «ማታ 2 ሰዓት ቦሌ። ጠዋት 2 ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ። ማታ 2 ሰዓት ልጅሽ ቤት።» ሦስተኛው በዋሽንግተን ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓቷን እንዳትነካው ደጋግሜ ለመንኳት። ደለስ ስትወጣ ሰዓቷ 10:40 ይላል፤ የመድኃኒቱን ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ቤት ገብተን ምሳ ቀርቦ ሦስተኛውን በሰዓቱ ወሰደች።

የተመለሰችው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። አሜሪካ በየዓመቱ እንደሚያደርገው ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደኋላ መልሶ ስለነበር ልዩነቱ 8 ሆኗል። በድሮው 7 ብቆጥር ኖሮ ሁሉንም በአንድ ሰዓት አሳስት ነበር። መነሻ 11:00፣ መድረሻ በማግስቱ 07:30፤ ሃያ ሰዓት ተኩል ሲቀነስ ስምንት፣ 12 ሰዓት ተኩል። ሻንጣ ማስረከቢያው ሰልፍ ላይ ሳለን እማዬ የእጅ ሰዓቷን ፈታ «በል አዙርልኝ» አለችኝ። በዋሽንግተን ሰዓት 2:30 የነበረውን በአዲስ አበባ ሰዓት 10:30 አድርጌ መልሼ አሰርኩላት።