ግንቡ ሲተነፍስ

አንድ የጎቲክ፣ ማለትም በጨለማና በአሮጌ ቤት ምስጢር የሚያስፈራ፣ ምናባዊ ልቦለድ ስጽፍ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሮጌ ግንብ አለ። በሌሊት ሻማ እየዞረች የምታበራ ልጅ አለች። ግድግዳው ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር ይኖራል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ጨርሼ ሳነበው ግን ምንም አላስፈራኝም።

ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁና «እንደ» ያለበትን ሁሉ አከበብኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ 11 ተነጻጻሪ ዘይቤ ተገኘ። «ጨለማው እንደ ጥቁር መጋረጃ ወረደ።» «መስኮቶቹ እንደ ባዶ ዓይን አፈጠጡ።» የዓይንና የመስኮቱን ነገር አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1839 ባወጣው አጭር ልቦለድ ተጠቅሞበታል። ያኔ ልብ ያርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ደጋገመው! አሁን አንባቢ ሳያየው ያልፈዋል።

ቆም ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ የምታየው ማን ናት? ልጅቷ ዕድሜዋን በሙሉ ከሰም ጋር ነው የኖረችው። መጋረጃ ምኗም አይደለም። ስለዚህ ዓለሙን በእሷ እጅ ዳሰስኩት። ጨረቃዋ ጣሪያው ላይ የተደፋች የሻማ ቁራጭ ሆነች። የታመመው ጌታዋ ፊት ባንድ ጎኑ ቀለጠ። ድምፁ ሊጠፋ ሲል እንደሚንጣጣ የሻማ ክር ሆነ። ስለ ጨረቃ የጻፍኩ መስሎኝ ስለ ልጅቷ ፍርሃት እየጻፍኩ ነበር፤ ብርሃን ያልቃል የሚለውን ፍርሃት።

ትልቁን ነገር ያሳየችኝ ግን ጓደኛዬ ናት። «ግንቡ ተነፈሰ» ብዬ ነበር። ሰውኛ ዘይቤ መሆኑ ነው። አንብባ «ቆይ፣ እውነት ነው የሚተነፍሰው?» አለችኝ። በሌላ ልቦለድ ይህ ጥያቄ አይነሳም። ድንጋይ ሊነቃ በሚችልበት ዓለም ግን ዘይቤው ራሱ ድርጊት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ኋላ ግን የመጽሐፉን ቁልፍ እንደሰጠችኝ ገባኝ። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች «ነፋሱ በስንጥቁ ሲያልፍ ግንቡ የሚተነፍስ ይመስላል» አልኩ። መሃል ላይ «ይመስላል»ን አወጣሁት። መጨረሻ ላይ «ግንቡ ትንፋሹን ዋጠ። እያዳመጣት ነበር» ሆነ።

የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ መምጣቱም ለዚህ ሥራ ትልቅ ጸጋ ነው። አንባቢው ሥዕሉን ይዞ ይጠብቃል። ስለዚህ «ጮኸ»ን እና «አቃሰተ»ን ትቼ ዝግ ያለ ግስ መፈለግ ጀመርኩ፦ «ደረጃው፣ ሻማዎቹን እንደሚቆጥረው ጌታዋ፣ እርምጃዋን አንድ በአንድ ቆጠረ።» ይህቺን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ከ11ዱ አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱን ለመሰረዝ ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አንስቼ መልሻለሁ፦ «ዝምታው እንደ ትኩስ ሰም ጣቷ ላይ ረጋ።»