ጨጓራ ብለሽ ጻፊልኝ

ሥራዬ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ሀብት ክፍል ነው። የቀረ ሠራተኛ የሚያመጣው የሕመም ፈቃድ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጨጓራ። ራስ ምታት። ወገብ። ደግሞ ጨጓራ።

ባለፈው ወር ተራው የእኔ ሆነ። ጠዋት ከደሴ ስወርድ የሐረጎን ተራራ ጉም ውጦታል፣ ሚኒባሱ ይጠማዘዛል፣ እኔ ያላለቀውን ፔሮል እያሰብኩ ሳለ ደረቴ ጭምቅ አለ፣ እጄ ደነዘዘ፣ በቃ አለቀልኝ አልኩ። አጠገቤ የነበሩ እናት «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እያሉ ጀርባዬን ሲያሹኝ ኮምቦልቻ ደረስን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ልቤን በኢሲጂ አየችው፣ ደህና ነው። ወረቀቱ ላይ «ጭንቀት» ብላ ልትጽፍ ስትል እጇን ልይዝ ምንም አልቀረኝ። «ዶክተር፣ በእናትሽ፣ ጨጓራ ብለሽ ጻፊልኝ።» (ጨጓራም አለብኝ፣ አልዋሸሁም።) ሳቀች። «ሁሉም እንደሱ ነው የሚለኝ» አለች።

ሦስት ቀን ተኝቼ ፋይሎቼን አሰብኳቸው። ከዚያ ሁሉ ጨጓራ ውስጥ ስንቱ እንደኔው ይሆን? የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት፣ በድብርትና በጭንቀት የተነሳ በዓመት 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ይባክናል። የኔ ሦስት ቀን እዚያ ውስጥ አትገኝም፣ ጨጓራ ተብላለቻ።

የሚገርመው ሕጉ አላስፈራራንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል፣ ከዚያ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ጨጓራም ሆነ ጭንቀት፣ ያው ነው። የምንፈራው «እሷ እኮ ነካ አድርጓታል» መባልን ነው።

ፋብሪካው ለዚሁ ብሎ ስልጠና አመጣልን። መቼ? ቅዳሜ ከሰዓት! ሰው ልብሱን የሚያጥብበትን ሰዓት ወስደው ጭንቀት ሊያስለቅቁት። ትምህርቱ ግን ጥሩ ነበር፤ በአፍንጫ አራት ቆጥሮ አየር ማስገባት፣ ስድስት ቆጥሮ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ትከሻ ማፍታታት። አሁን ሐረጎ ላይ የማደርገው እሱን ነው፣ ይረዳኛል። መጨረሻ ላይ ግን አንዷ የስፌት ሠራተኛ እጇን አወጣችና «እህቴ፣ እኔ መተንፈስ አላቃተኝም፤ የሌሊት ፈረቃ መቼ እንደሚደርሰኝ ማወቅ ነው ያቃተኝ» አለች። ቤቱ ጸጥ።

እውነቷን ነው። ፕሮግራሙ የሚለጠፈው ዋዜማው ላይ ነበር፣ የምለጥፈውም እኔው ነኝ። ሰኞ አለቃዬ ጋ ገብቼ የሁለት ሳምንቱ አንድ ላይ ይውጣ አልኩ። አጉረመረመ፣ ግን ፈረመ። ቀሪ ቀነሰ አልልም፣ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ብቻ ስለጥፍ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፣ አንዷ «ልጄን የማስከትብበትን ቀን አወቅሁ» ብላ አቀፈችኝ።

ስልጠናውም ወደ ሐሙስ፣ በሥራ ሰዓት ተዛውሯል። አሰልጣኟ ወለል ላይ የሚነጠፍ ነገር ይኑር ብላለች። ነገ ገበያ ወጥቼ ሰሌን እጠይቃለሁ።