60 ሰዓቱ ምን ላይ ይዋል?

መምህር በየዓመቱ 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ማዋል እንዳለበት የማያውቅ የትምህርት ሰው የለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲወርድ ተሙማም ማዕቀፍና ዑደት ተበጅቶለት አብሮ ወረደ፤ መተንተን፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ጥሩ ነው። ችግሩ ሰኔ ላይ ይታያል። የመምህሩ ማኅደረ ተግባር፣ ማለትም የዓመቱ ሥራው ማስረጃ የሚቀመጥበት ፋይል፣ ሲከፈት ዕቅድ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ሰርተፊኬት አለ፣ ካለፈው ዓመት ቀኑ ብቻ ተቀይሮ የተገለበጠ ተግባራዊ ምርምርም አለ። ክፍሉ ውስጥ ምን እንደተለወጠ የሚናገር ወረቀት ግን አይገኝም። ሰዓቱ ተቆጥሯል፤ የተቆጠረለት ነገር አልተጻፈም።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የራሱን የሙያ ስታንዳርድ ሲያወጣ የመጀመሪያው ሥራ ሰዓት መደልደል አይደለም። ሰዓቱ ሲያልቅ ክፍል ገብቶ ምን እንደሚታይ መጻፍ ነው።

በአገር ደረጃ የወጡት የመምህራን የሙያ ስታንዳርዶች 7 ናቸው፤ ተማሪን ማወቅ፣ የሚያስተምሩትን ትምህርትና የማስተማሪያ ዘዴውን ማወቅ፣ አቅዶ ማስተማር፣ ምቹና ደኅንነቱ የተጠበቀ የመማሪያ ሁኔታ መፍጠር፣ መመዘንና ግብረ መልስ መስጠት፣ ራስን በሙያ ማሳደግ፣ ከባልደረባና ከወላጅ ጋር መሥራት። ትምህርት ቤት ከእነዚህ የተለየ አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ሰፊውን ዐረፍተ ነገር በራሱ ግቢ በዓይን ወደሚታይ ነገር ማውረድ ነው። «መምህሩ የተማሪዎቹን የትምህርት ደረጃ ይለያል» የሚለውን ሁሉም ሰው አዎ ብሎ ይፈርምበታል። «መምህሩ ትምህርት በተጀመረ በ3 ሳምንት ውስጥ ካለፈው ክፍል ይዘት 10 ጥያቄ ያለው መለያ ፈተና ሰጥቷል፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ስንት ተማሪ እንደሳተው የሚያሳይ ሰንጠረዥ በእጁ አለ፤ ብዙ ተማሪ የሳታቸውን 2 ጥያቄዎች መልሶ ያስተማረበት የትምህርት ዕቅድ አለ» ሲባል ግን ወይ አለ ወይ የለም። ስታንዳርድ ማለት ሁለት ሰዎች ተለያይተው አይተውት አንድ መልስ የሚሰጡበት ነገር ነው። ይህን የማያሟላ ዐረፍተ ነገር መልካም ምኞት ስለሆነ ከዝርዝሩ ይውጣ።

አንዱን ስታንዳርድ ለሁሉም መምህር እኩል ማድረግም አይሠራም። ጀማሪ መምህር መለያ ፈተናውን ሰጥቶ ውጤቱን ከአማካሪ መምህሩ ጋር ካነበበ በቂው ነው። መካከለኛ ልምድ ያለው በውጤቱ መሠረት ዕቅዱን ይከልስ። ከፍተኛ ወይም መሪ መምህር ደግሞ የትምህርት ክፍሉ መለያ ፈተና እንዲዘጋጅ ያስተባብር፣ የሌሎችን ሰንጠረዥ አብሮ ያንብብ። የደረጃ ዕድገት መሰላሉ ደመወዝ ላይ ብቻ ከቀረ መሪ መምህርነት የወረቀት ማዕረግ ይሆናል።

ለዓመቱ የሚመረጡት ትኩረቶች ከ3 አይብለጡ። ከወረዳ የወረደው፣ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅዱ የሚለው፣ ኢንስፔክሽን ክፍተት ብሎ ያስቀመጠው ሁሉ ሲደመር 10 ርዕስ ይሞላል፤ 10 ርዕስ የያዘ ትምህርት ቤት አንዱንም አይዘልቀውም። መምረጫው የተማሪ ሥራ ይሁን። ርዕሱ «የአሳታፊ ማስተማር ዘዴ» ከሆነ እጅግ ሰፊ ነው። «የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ታህታቸው (ከሥር ያለው ቁጥር) የተለያየ ክፍልፋዮችን ሲደምሩ የሚሠሩት ስህተት» ከሆነ የሚጨበጥ ነገር ተገኘ።

እሱን ቀረብ ብለን እንየው። ተማሪው ግማሽ ሲደመር ሲሶ ሲባል 2/5 ብሎ ይጽፋል። ላይ ያሉትን ደመረ፣ ታች ያሉትን ደመረ፤ ክፍልፋዩን እንደ አንድ ቁጥር አላየውም፣ ላይና ታች የተቀመጡ ሁለት ቁጥሮች ናቸው ብሎ ነው የያዘው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ «የጋራ ታህት ፈልጉ» ብሎ ሕጉን ቢደግምለት ለፈተናው ይሸመድደዋል፣ ወር ሳይሞላ ወደ 2/5 ይመለሳል። የሂሳብ መምህራን ቡድን እዚህ ላይ ነው መሥራት ያለበት። 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ወረቀት ለእያንዳንዱ ዴስክ ይታደላል። ግማሹ 6፣ ሲሶው 4፣ አንድ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር፤ ከ12ቱ 10 ማለት 5/6 ነው። ቀጥሎ ተማሪው የራሱን መልስ 2/5ን በዚያው ወረቀት ላይ እንዲለካ ይደረጋል። 4.8 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ከግማሹም ያንሳል! ግማሽ ላይ ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ ነገር እንዴት እንዳገኘ ራሱ መጠየቅ ይጀምራል። ወረቀቱን 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆርጠው የሚያድሉ መምህራን አሉ፤ ያኔ ሲሶው 3.33 ሆኖ ክፍሉ በማስመሪያ ይጠመዳል፣ ሐሳቡ ይጠፋል። ይህችን ዓይነት ዝርዝር ነው ቡድኑ ተቀምጦ መነጋገር ያለበት።

የዚህ ማስረጃ ደግሞ ሰርተፊኬት አይጠይቅም። ከሥራው በፊት 5 ጥያቄ፣ ከ6 ሳምንት በኋላ ሌላ ተመሳሳይ 5 ጥያቄ፣ ከዚያ ወር ቆይቶ ሳይነገር 2 ጥያቄ። የመጨረሻዋ 2 ጥያቄ ዋጋዋ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሽምደዳውን ከዕውቀት የምትለየው እሷ ናት። ማኅደረ ተግባሩ ውስጥ 3 የውጤት ሰንጠረዥ፣ የ4 ተማሪዎች ደብተር ኮፒና መምህሩ በራሱ ቃል የጻፈው አንድ ገጽ ከገባ ያ ከ80 ገጽ ጥራዝ ይበልጣል። የገጽ ጣሪያ ማስቀመጥም ይጠቅማል፤ ለአንድ ትኩረት ከ8 ገጽ አይበልጥም ቢባል መገልበጡ ያኔውኑ ይቀንሳል።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። ከሁለቱ መንፈቀ ዓመታት ምዝገባው፣ ፈተናው፣ እርማቱና የሮስተር (የውጤት መዝገብ) ሥራው ሲቀነስ ለተሙማ የሚመች ወደ 30 ሳምንት ይቀራል። 60 ለ30 ሲካፈል በሳምንት 2 ሰዓት ነው። በ4 ሳምንት የሚገኘው 8 ሰዓት እንዲህ ቢደለደል ይሠራል፤ 2 ሰዓት በቡድን የተማሪ ሥራ ማንበብ፣ 2 ሰዓት ትምህርት አብሮ ማቀድ፣ 2 ሰዓት የክፍል ምልከታና ውይይቱ፣ 2 ሰዓት የታየውን መጻፍና ማረም። ቡድኑ ከ4 እስከ 6 ሰው ይሁን። 40 መምህር አዳራሽ ሰብስቦ ፓወር ፖይንት ማንበብ ለማስታወቂያ ይሆናል፣ ለሙያ ግን አይሆንም። በፈረቃ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የጠዋቱንና የከሰዓቱን መምህር አንድ ላይ ለማገናኘት ሲሉ ሳምንቱን ያባክናሉ፤ ቡድኑን በየፈረቃው ማደራጀትና በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ ማገናኘት ይሻላል። የፊዚክስ መምህሩ አንድ ብቻ የሆነበት ትምህርት ቤት መፍትሔው ጎረቤት ትምህርት ቤቶች የሚገናኙበት ጉድኝት ማዕከሉ ነው። እሱም በወር አንዴ ይበቃል፤ የትራንስፖርት ገንዘቡ ከትምህርት ቤቱ በጀት አስቀድሞ ካልተያዘ ሁለተኛው ስብሰባ ላይ የሚመጣ ሰው አይኖርም።

የክፍል ምልከታ ላይ ብዙ ትምህርት ቤት የሚሳሳተው በቅጹ ነው። 30 መስፈርት ያለው ቅጽ ይዞ የገባ ተመልካች አንገቱን ደፍቶ እየሞላ ክፍሉን ሳያየው ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ ይመልከት፤ ምኑን እንደሚያይም ቀድሞ ከመምህሩ ጋር በ10 ደቂቃ ይስማማ። ለምሳሌ ማን እንደሚጠየቅ። ተመልካቹ ባዶ ወረቀት ላይ ዴስኮቹን ይሥላል፣ መምህሩ ተማሪ በጠየቀ ቁጥር በተማሪው ቦታ ላይ ጭረት ያደርጋል። ፔሬዱ ሲያልቅ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል፤ ጭረቱ ፊት ለፊትና መሐል ላይ ይከማቻል፣ ግራ ጥግ ያሉት ሦስት ዴስኮች ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ለመምህሩ «ሁሉንም አታሳትፍም» ብሎ መንገር ቅሬታ ያመጣል፤ ወረቀቱን ሰጥቶ «ምን ታያለህ?» ብሎ መጠየቅ ሥራ ያመጣል።

ሌላው ሊቆጠር የሚችል ነገር ከጥያቄ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ እንደሆነ፣ ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል ደግሞ የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና ዝም የሚሉት ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይታለች። «መምህሩ ከጠየቀ በኋላ ቢያንስ 3 ሰከንድ ይጠብቃል» የሚል ስታንዳርድ ምንም ብር አይጠይቅም። በስልክ ሰዓት ይለካል፣ 60 ተማሪ ባለበት ክፍልም ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፤ ለመማማር የተደረገ ምልከታ ከሥራ አፈጻጸም ነጥብ ጋር አይገናኝ። ወረቀቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከደረሰና ነጥብ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ የሚታየው የተለማመዱት ትምህርት ነው፤ ተማሪዎቹ ሳይቀሩ መልሱን ቀድመው ያውቁታል። ርዕሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩ ለምዘና የሚገቡበት ቀን የራሱ ይሁን፣ ቅጹም የራሱ ይሁን። ጭረቱ ያለበት ወረቀት የመምህሩ ንብረት ነው፤ ማኅደሩ ውስጥ ያስገባው አያስገባው እሱ ይወስን።

አዲስ ተቀጣሪ መምህር የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ አለው። አማካሪ ሲመደብለት በአብዛኛው የሚታየው የአማካሪው የአገልግሎት ዘመን ነው። መታየት ያለበት አንድ ዓይነት ትምህርት ማስተማራቸውና የሚገናኝ ክፍት ፔሬድ መኖሩ ነው። 25 ዓመት ያስተማረ የታሪክ መምህር ለአዲሷ የኬሚስትሪ መምህርት ስለ ሥነ ሥርዓት ሊያግዛት ይችላል፣ ስለ ቀመር ግን አይችልም። የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣው ምክትል ርዕሰ መምህር ነሐሴ ላይ ለሁለቱ አንድ የጋራ ክፍት ፔሬድ ካላስያዘ ከጥቅምት በኋላ ቦታ አይገኝም። ለአማካሪው ከ30 ፔሬድ 2 ቢቀነስለት ደግሞ ሥራው ሥራ ይሆናል።

የተረሱት የአስተዳደር ሠራተኞች ናቸው። ተሙማ ሲባል መምህር ብቻ ይታሰባል፤ ግን ተማሪው ጠዋት መጀመሪያ የሚያገኘው ጥበቃውን ነው። ለጥበቃ፦ በትምህርት ሰዓት ተማሪ ለማን ይሰጣል፣ የሚወስደው ሰው ስም የት ይጻፋል፣ ማን ይፈቅዳል፤ ይህ በአንድ ገጽ ተጽፎ በር ላይ ይኑር፣ በዓመት ሁለቴ ይለማመዱት። ለጽዳት ሠራተኛ፦ በረኪናን አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ሳንባ የሚጎዳ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን በአንድ ባልዲ አይገናኙም። ለላብራቶሪ ቴክኒሻን፦ አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፣ መለያ የሌለው ጠርሙስ አይከፈትም፣ ኬሚካሎች በፊደል ተራ ሳይሆን በባሕርያቸው ተለይተው ይቀመጣሉ። ለሬከርድ ክፍል፦ ትራንስክሪፕት የጠየቀ ሰው በስንት ቀን ያገኛል፣ ስም ሲስተካከል የሚፈርሙት ሁለቱ ሰዎች እነማን ናቸው። ለእነሱ 60 ሰዓት አያስፈልግም። በመንፈቅ 6 ሰዓት፣ ንግግር ሳይበዛበት፣ በሥራ ቦታቸው ሆኖ እየሠሩ ማሳየት ይበቃል። አማርኛ ማንበብ የሚያስቸግራቸው ካሉ በቃልና በሥዕል ይሁን።

ረቂቁን የሚጽፈው ኮሚቴ 5 ሰው ይብቃው፤ ሁለት መምህራን፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ከአስተዳደር ሠራተኞች አንድ፣ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ አንድ። ነሐሴ መጨረሻ ይጽፉታል፤ መስከረም ላይ ለ4 ሳምንት በሁለት የትምህርት ክፍሎች ብቻ ይሞከራል። በሙከራው ሁለት ሰዎች አንዱን ስታንዳርድ ተለያይተው አይተው የተለያየ መልስ ከሰጡ የሚታረመው ዐረፍተ ነገሩ ነው፣ ሰዎቹ አይደሉም። ጥቅምት ላይ ለሁሉም ይደርሳል፣ ጥር ላይ በመንፈቁ ዕረፍት ይታያል። ሰኔ ላይ ኮሚቴው ዝርዝሩን ይዞ ይቀመጥና ዓመቱን ሙሉ አንድም ማስረጃ ያልመጣበትን ስታንዳርድ በእርሳስ ያሰምርበታል፤ የተሰመረበት ወይ በአዲስ ቃል ይጻፋል፣ ወይ ይሰረዛል። የተሰረዘው ምክንያቱ በአንድ መስመር ይመዝገብ፤ ያ መዝገብ ከሌለ የሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ ያንኑ መልሶ ይጽፈዋል።