ሰላምታ የማታውቅ ባጃጅ

ሮጣ የማትደክም፣ ቀስ ስትል የምትሞት ባጃጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኔዋ እንደዚያ ሆና ነበር። ጋዝ ከሰጠኋት ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ ሳትተነፍስ ትደርሳለች። እጄን ትንሽ ላላ ካደረግኩ ግን ትንተባተባለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ታስላለች፣ ከዚያ ድርግም።

ሌላ ከተማ ቢሆን ጉዳዩ የጋራዥ ብቻ ነበር። ጅማ ላይ ግን የአስተዳደግ ጉዳይ ሆነ። እዚህ ትልቅ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እያየህ ሽው ብለህ አታልፍም። ትቀዘቅዛለህ፣ አንገትህን ዝቅ ታደርጋለህ፣ ሰላም ትላለህ። ሰላምታው ደግሞ አጭር አይደለም። ስለ አንተ ትጠየቃለህ፣ ስለ እናት አባትህ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ። ከብት ባይኖርህም ከብቱ ደህና ነው ትላለህ።

እና አንድ ቀን የሰፈራችን ሀጂ ከመስጊድ ሲወጡ አዩኝ። እጃቸውን አነሱ።

«አካም ጅርታ ልጄ?» አሉኝ በኦሮምኛ፤ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው።

ቀዘቀዝኩ። እሷ መንተባተብ ጀመረች። ከኋላ ሰው ሞልቻለሁ፣ ከፊቴ ዳገት አለ፣ እዚህ ከጠፋችብኝ አለቀልኝ። ጋዙን ጠመዘዝኩት። «ነጋ፣ ነጋ ሀጂ! እርስዎስ?» ብዬ ሳልጨርስ ሀጂ በስፒኪዮው ውስጥ ትንሽ ነጭ ነገር ሆነዋል። መልሳቸውን እኔ አልሰማሁም። እናቴ ግን ሰምታለች። ማታ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«የሀጂን ሰላምታ አቧራ አልብሰኸው ሄድክ አሉ!»

«እማዬ፣ ሚኒሞው ነው እኮ።»

«ሚኒሞ ደግሞ ማነው? ይሄኔ እሱ ነው ያበላሸህ!»

ለማታውቁት፣ ሚኒሞ ማለት ጋዝ ሳትሰጠው ሞተሩ ለብቻው የሚዞርበት ዝቅተኛው ዙር ነው። እናቴን ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። እስከ ዛሬ ግን የሆነ ሱሰኛ ጓደኛዬ ይመስላታል።

ተሳፋሪዎቼም ለሁለት ተከፈሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደዱኝ፤ ክፍል የረፈደበት ሁሉ ሌላ ባጃጅ እያሳለፈ እኔን ይጠብቃል። እናቶች ግን ጠሉኝ። ቆሜ ስጭን ፍሪሲዮን ይዤ ጋዝ እየሰጠሁ ማጓራት አለብኝ፣ አለዚያ ትጠፋለች። ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት አንድ እግራቸውን አስገብተው ሌላው መሬት ላይ እንዳለ «ቀስ በል እንጂ! ከኋላህ ጅብ አለ?» አሉኝ። አልነዳሁም እኮ። ቆሜ ነው።

በዚህ ላይ የሐኪሙ ብዛት። ባጃጅህ መንገድ ዳር ጠፍታ ስትረግጥና ስትጎትት ከታየህ ጅማ በሙሉ መካኒክ ነው። ቡና የምታፈላው ልጅ «ባትሪ ነው» አለች። ሊስትሮው «ቤንዚኑ ውኃ አለው» አለ። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ጠጋ ብለው ካዩዋት በኋላ «ይቺ እንኳን በዓይን ነው። አዲስ ሸራ ስታለብሳት እኮ ፈርቼ ነበር» ብለው ማታ ግቢ ድረስ ማጨሻ ይዘው መጡ። አጨሱላት። እኔን አስነጠሰኝ እንጂ እሷ ምንም አልተሻላትም። ከሁሉም ግን የባሰው አንድ የሰፈራችን ልጅ ነው። ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ፣ ጫቱን ይዞ፣ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር «ካንዴላ ነው!» ይለኛል፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለዋን ማለቱ ነው። ሰላምታ የለ ምን የለ። ካንዴላ ነው።

እንዲህ እያለን ሠርጉ መጣ።

ከሙሽራው ሚዜዎች አንዱ አስቆመኝ። ቪዲዮ የሚቀርጸውን ልጅ ጭኜ ከሙሽሮቹ መኪና ፊት ፊት እንድሄድ ነው የፈለገው። «በጣም ቀስ እያልክ» አለኝ።

«ወንድሜ፣ ይቺ ቀስ አትልም።»

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። «ገባኝ» አለና ዋጋውን ከፍ አደረገው።

«አይ፣ የምሬን ነው። ቀስ ማለት አትችልም።»

«እሺ በቃ፣ ምሳም አለ!» ብሎ ትከሻዬን መትቶ ሄደ። ሰው ካላመነህ ምን ታደርገዋለህ?

የኋላውን ሸራ ጠቅልለን አሰርነው። ካሜራማኑ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ፊቱን ወደ ሙሽሮቹ አዙሮ ተቀመጠ። መጀመሪያ ፎቶ ሊነሱ ወደ ጂሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጣን። ሽቅብ ሲሆን ችግር የለም። ዳገት ጋዝ ይፈልጋል፣ እሷም የምትፈልገው ጋዝ ነው። ካሜራማኑ ሳይቀር «ጉልበት አላት!» ብሎ አደነቀልኝ። ሙሽሮቹ እንጨት ሰገነቱ ስር ቆመው ፎቶ ሲነሱ እኔ በልቤ የማስበው መመለሻውን ነበር።

ቁልቁለት ላይ ጋዝ መዝጋት ግዴታ ነው። ስዘጋው ደግሞ ሌላ ጉድ ነበራት። ቤንዚን ያነሰው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ሲሊንደሩ ውስጥ ሳይቃጠል ያልፍና ሄዶ ማርሚታው፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ውስጥ ይፈነዳል። «ጧ!» ካሜራማኑ ከነካሜራው ጎንበስ አለ። «ጧ! ጧ!» ምን ይዋጠኝ ብዬ ስሳቀቅ፣ ከኋላ ያሉት አጃቢዎች ለካ ርችት መስሏቸዋል። እልልታው ቀለጠ። አንዷ ሴትዮ ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አውጥተው ከበሮ ይመቱ ጀመር። ኋላ እንደሰማሁት «ባለ ባጃጁ ከራሱ ኪስ ነው አሉ» ተብሎ ተመርቄያለሁ።

ከተማ ስንገባ ግን ማንም ሊያድነኝ አልቻለም። መኪናው ይሳባል፣ ሰው እየዘፈነ በእግሩ ይከተላል፣ ሁሉም ነገር በዳዴ ነው። ካሜራማኑ «ቀስ! ቀስ በል!» ይላል። ቀስ ስል ትንተባተባለች። ጋዝ ስሰጣት ትፈናጠራለች። «የት ትሄዳለህ! ሙሽሪት ጠፋችብኝ እኮ!» እቀዘቅዛለሁ። ትንቀጠቀጣለች። ላብ በላብ ሆኛለሁ። አደባባዩ መሃል ስንደርስ አሳለችና ቀጥ አለች። ከኋላችን ሠርገኛው፣ ከሠርገኛው ኋላ ሚኒባሱ፣ ከሚኒባሱ ኋላ ቡና የጫነ አይሱዙ። ጡሩምባው ሁሉ የሠርግ መስሏቸው መንገደኛው ያጨበጭባል።

ቪዲዮውን ኋላ አይቼዋለሁ። ሙሽሮቹ ይቀርባሉ፣ ድንገት ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ እንደገና ይቀርባሉ። ከዚያ ምስሉ ይንቀጠቀጥና ይቆማል። ቀጥሎ ደረታቸው ላይ አበባ የሰኩ ሚዜዎች ክራባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ባጃጅ ሲገፉ ይታያሉ። ዘፈኑ አልተቋረጠም። እንዲያውም ግፊያውና ጭብጨባው ልክ ገጥሟል።

ምሳውን በላሁና በማግስቱ ሰፈሩ «ኢንጂነር» የሚላቸው ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ካቻቢቴ አላነሱም። ጆሯቸውን ሰጡ።

«ቾኩን ስትስበው ይሻላታል?»

«አዎ ጋሼ፣ ትንሽ ትረጋጋለች።»

«እንግዲያው ርቧት ነው።» ለካ ቾክ አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን ያበዛላታል።

ካንዴላውን ፈትተው አሳዩኝ። ጫፉ ነጣ ብሎ ደርቋል። ቤንዚን የበዛበት ቢሆን ጥላሸት ይለብስ ነበር አሉ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈቱና ውስጡ ያለውን ቤንዚን በሲኒ አንቆረቆሩት። ከታች ደቃቅ አሸዋና ከቤንዚኑ ጋር አልቀላቀል ያለ የውኃ ጠብታ ይንከባለላል። ማደያ ሲነጥፍ ሁላችንም መንገድ ዳር በሃይላንድ የምንገዛው ቤንዚን ምን ምን እንደሚይዝ እዚያች ሲኒ ውስጥ አየሁት። ሊስትሮው ለካ ግማሹን አውቆታል።

ከዚያ ጅግለር የሚሉትን አወጡ። የጥፍሬን ያህል የምትሆን ነሐስ ናት፣ መሃሏ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቀዳዳ አለ። ወደ ፀሐይ ይዘው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እየው» አሉኝ። አየሁ። ጨለማ ነው።

«ጋዙን ስትዘጋ የምትጠጣው በዚች ብቻ ነው። ስትከፍተው በትልቁ ቀዳዳ በኩል ታገኛለች። ለዚህ ነው ሩጫ ላይ የማይታወቃት።»

ረዳቱ ልጅ ከፍሬን ካቦ ክር መዝዞ ሊወጋው ሲመጣ እጁን መቱት። ብረት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከሰፋ ደግሞ ቤንዚን እንደ ጉድ ትጠጣለች። በንጹሕ ቤንዚን ነከሩት፣ በንፋስ ነፉት፣ እንደገና ወደ ፀሐይ። የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ታየች። ከገጠሙት በኋላ የድብልቁን ቡሎን እያላሉ፣ እያጠበቁ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ሞተሩ ደህና ሲዞር ሚኒሞውን ቀነሱት። ዱክ ዱክ ዱክ። ጋዝ ሳልነካት! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሂሳባቸውን ከፍዬ፣ ቤንዚን ማጣሪያዋንም አስቀይሬ ወጣሁ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል። እትዬ «ማጨሻው ቆይቶ ነው የሚሠራው» ስላሉኝ በነጻ መርካቶ ወሰድኳቸው። ስመለስ የካንዴላው ልጅ እጁን አንስቶ አስቆመኝና ገባ።

«ካንዴላ ነው አላልኩህም?»

«ጅግለር ነው የተደፈነው።»

«ካንዴላውን ፈቱት አልፈቱትም?»

«ፈቱት።»

«በቃ!»

ፈረንጅ አራዳ ስንደርስ ወርዶ መንገዱን ጀመረ። «ሂሳብ!» አልኩት።

ዞር ብሎ በጣም አዘነብኝ። «የምን ሂሳብ? ጋራዥ ብትሄድ ስንት ይጠይቁህ ነበር?»