ሟችና ወራሽ

ድምፁን የሰማሁት ከፋሲካ በፊት ነው፣ መዋሸት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀጭ... ቀጭ... ይልና ዝም ይላል፣ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። የሰዓት ድምፅ እንኳን ልክ አለው፣ ይሄ ግን እንደ ሽማግሌ ሳል መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ማውዙ ደርቆ ይቆማል፣ እጄን አንስቼ እጠብቃለሁ፣ ይመለሳል፣ እቀጥላለሁ። ባለቤቴ "አንተ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው" ስትለኝ "ፋኑ ነው፣ አቧራ ይዞት ነው" አልኳት። ፋኑ እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር፣ ዲስኩ ነው።

ዲስኩ ውስጥ ያለው የእድራችን መዝገብ ነው። 187 አባወራ፣ ወርሃዊ መዋጮው፣ ቅጣቱ፣ ለማን ሀዘን ስንት እንደተከፈለ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ቤት እንዳለ፣ የስንቱ ብረት ድስት ክዳን እንደጠፋ ሳይቀር። ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ ያንን ጀርባው የተገነጠለ ትልቅ መዝገብ አስቀምጬ ሁሉንም ኤክሴል ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ያኔ የእድሩ ዳኛ ጋሼ "ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ መዝገቡም ይጠፋል ማለት ነው?" ብለው ጠይቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ፍላሽ ላይ ኮፒ ነበረኝ፣ እሱንም ልናገር። የመጨረሻው ኮፒ የ2012 ነው፣ ፍላሹን ልጄ ፊልም ሊጭንበት ወስዶት አልተመለሰም። በቃ እንደዚህ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዊንዶውስ አልነሳም አለ። ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለና ጥቁር ስክሪን ላይ ዲስኩን ልፈትሽ ልጠግን ብሎ መቁጠር ጀመረ፣ እኔም ቆጥሮ ሳይጨርስ ኪቦርዱን መትቼ አስቆምኩት። ይሄን ቢያንስ አውቅ ነበር፣ ያ ጥገና የሚባለው ነገር የሚያየው የፋይል አደረጃጀቱን እንጂ የብረቱን ሕመም አይደለም፣ ለዛውም እየጻፈበት ነው የሚያስተካክለው። ሊሞት ያለ ዲስክ ላይ ማታ ሙሉ ማስሮጥ ማለት ጉልበት የሌለውን ሰው ለምርመራ ብለህ ዳገት ማስወጣት ነው። በማግስቱ አንድ ኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ ጋ ወሰድኩት፣ ድምፁን እንኳን ሳይሰማ "ፎርማት ላድርግልህ?" አለኝ። ዲስኬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። የጎረቤት ልጅ ደግሞ በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ ክተተው ይሠራል አለኝ፣ እሱ ደግሞ ከቀዝቃዛ ሲወጣ እርጥበት ይዞ ይገድለዋል እንጂ ምን ይጠቅማል።

ኡቡንቱ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚነሳ ሲስተም፣ በጫንኩበት ፍላሽ አስነስቼ የዲስኩን ስማርት የሚባለውን መረጃ አየሁት፣ ማለት ዲስኩ ራሱ ስለራሱ የሚመዘግበውን። ፔንዲንግ ሴክተር 312። ሴክተር የዲስኩ ትንሽ ቁራጭ ቦታ ነው። ፔንዲንግ ማለት ላነበው ሞክሬ አቃተኝ፣ እስቲ ቆዩኝ ብሎ የያዘው ቦታ ነው። ዲስክ መቼም ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ትርፍ ቦታ አለው፣ የተበላሸውን ሴክተር እየተወ ወደዛ ያዛውራል፣ እሱም ለብቻው ይቆጠራል። የኔ ሁለቱም ቁጥሮች ከፍ ብለዋል። በማግስቱ ሳየው 312ቱ 340 ሆኗል። ያኔ ነው እውነት የደነገጥኩት፣ ድምፅን ፋን ነው ብለህ ታልፈዋለህ፣ ሲጨምር ያየኸውን ቁጥር ግን ምን ትለዋለህ።

ሙሉውን የምገለብጥበት ምትክ ዲስክ ከአማቴ ልጅ ተገኘ፣ ሱቁ ካሜራ ላይ የነበረ 1 ቴራ። ዝም ብዬ አልተቀበልኩም፣ እሱንም አስመረመርኩት፣ 21,000 ሰዓት ሠርቷል፣ ማለት ሁለት ዓመት ከምናምን ሳይጠፋ፣ ግን ፔንዲንጉ ዜሮ ነው። የኔ 500 ጊጋ ነው፣ የሚገለበጥበት ዲስክ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት፣ ትንሽ እንኳን ካነሰ መጨረሻው ይቆረጣል።

እዚህ ጋ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፣ መሳሳት። ከየት ወደ የት የሚለውን ገልብጠህ ከጻፍክ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይገለበጥና አለቀልህ፣ ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ በፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩና ለጠፍኩባቸው፣ አሮጌው ላይ "ሟች"፣ አዲሱ ላይ "ወራሽ"። ባለቤቴ አይታ "ምን ዓይነት ሟርት ነው፣ ገና ሳይሞት" ብላ ተቆጣች፣ ልክ ነበረች፣ ግን የእድር ጸሐፊ ሌላ ምን ቃል ይመጣለታል። ከዛ ስክሪኑ ላይ መጠናቸውን አየሁ፣ ሲሪያል ቁጥራቸውን ከጀርባቸው ጋር አስተያየሁ፣ ትእዛዙን ጮክ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ከሟች ወደ ወራሽ፣ ከሟች ወደ ወራሽ። ልጄ ከበሩ ሆኖ ይስቃል።

የተጠቀምኩት ዲዲሬስኩ የሚባለውን የመገልበጫ ፕሮግራም ነው። ተራው መገልበጫ፣ ዲዲ የሚባለው፣ መጥፎ ቦታ ሲያጋጥመው ኤረር ብሎ ይቆማል። ዲዲሬስኩ ግን ብልጥ ነው፣ መጥፎ ቦታ ሲደርስ አይሟገትም፣ ዘሎ ያልፋል፣ መጀመሪያ ጤነኛውን ሁሉ ይሰበስብና የተወውን ኋላ ተመልሶ ይቆረጥመዋል። ምክንያቱም ዲስኩ መቼ ድርግም እንደሚል አይታወቅም፣ አንድ ክፉ ሴክተር ላይ ስትታገል ሙሉው ሊያመልጥህ ነው። የት ደረሰ፣ ምኑን ዘለለ የሚለውን ደግሞ ማፕፋይል በሚባል ትንሽ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ ቢቋረጥ ከዛው ይቀጥላል።

መጀመሪያ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ፣ በሰከንድ 80 ሜጋ፣ 90 ሜጋ፣ በዚህ ከሄደ ሁለት ሰዓት አይሞላም ብዬ ቡና አስፈላሁ። ከዛ ቀጭ አለ፣ ፍጥነቱ ወደ 60 ኪሎባይት ወረደ፣ ዘለለ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ቀጭ። የቬንትሌተሩን ፊት ወደ ዲስኩ አዞርኩለት፣ ስነካው እንደ ጀበና ሆድ ይፋጃል። 190 ጊጋ ላይ ሲደርስ ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ላክሁለት፣ ጉራ ነው በቃ፣ እየሠራሁ ነው ለማለት። ከዛ ዝናቡ መጣና መብራት ሄደ።

መብራት መሄዱ አይደለም ያናደደኝ፣ እሱ የተለመደ ነው፣ ለዛ አይደል ማፕፋይሉ። ግን ማፕፋይሉን የት ነው ያስቀመጥኩት? ከፍላሽ የተነሳው ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ። እሱ ደግሞ ዲስክ ላይ ያለ ቦታ አይደለም፣ ራም ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ የጋሼን ጥያቄ አስታወስኩ፣ መብራት ሲጠፋ መዝገቡም ይጠፋል ማለት ነው? አዎ ጋሼ፣ እንደኔ ዓይነት ጸሐፊ ሲኖርዎት ይጠፋል።

ያዳነኝ ያ የጉራ ፎቶ ነው። የተገለበጠው ወራሹ ላይ አለ እኮ፣ የጠፋው የት እንደደረሰ የሚለው ነው፣ እሱ ደግሞ ስልኬ ላይ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ አለ። መብራት ሲመጣ ማፕፋይሉን ሌላ ፍላሽ ላይ አድርጌ ከ190 ጊጋ ጀምር አልኩት። ከፊት የዘለላቸው የትኞቹ እንደሆኑ አይታወቅም፣ ስለዚህ ኋላ ያለው ካለቀ በኋላ የፊቱን እንደገና ማስነበብ ነበረብኝ፣ ያ ምስኪን ዲስክ አንድ ጊዜ የወጣውን ዳገት ሁለተኛ አወጣሁት። ሦስት ቀን ፈጀ። ማታ ማታ ተነስቼ አየዋለሁ፣ ባለቤቴ "ሕፃን ያለን መሰለኝ" ትላለች።

መጨረሻ ላይ ያልተነበበው 2 ሜጋ ገደማ ብቻ ሆነ። ከ500 ጊጋ 2 ሜጋ፣ ምንም አይደል ትላለህ። ሟቹን ነቅዬ አስቀመጥኩት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሰክቶ ዊንዶውስ ማስነሳት አይሆንም፣ መታወቂያቸው አንድ ስለሆነ ይምታታበታል። ከመንቀሌ በፊት ግን ዲዲሬስኩ አንድ ሌላ ጥሩ ነገር አለው፣ ያልተነበቡት ቦታዎች ላይ ወራሹ ላይ የፈለግከውን ቃል ይሞላልሃል፣ ከዛ የትኛው ፋይል ውስጥ ያ ቃል እንዳለ ትፈልጋለህ፣ ቀዳዳው የት እንደወደቀ ታውቃለህ። ፈለግኩ። ሁለት የድንኳን ፎቶ፣ አንድ የሠርግ ቪዲዮ፣ እና የ2014 መዝገብ።

ኤክሴሉን ልክፈት አልኩ፣ ተበላሽቷል ይላል። ያ ፋይል ውስጡ ዚፕ ነው፣ የታጨቀ፣ ትንሽ ቀዳዳ ከገባበት ሙሉውን አልፈታም ይላል። የ2013 ይከፈታል፣ የ2015 ይከፈታል፣ ሁሉም አለ፣ መሀል ላይ አንድ ዓመት እንደ ወለቀ ጥርስ።

ነሐሴ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ስናገር ጋሼን አላየሁም፣ ጠረጴዛውን ነው ያየሁት። ነግሬህ ነበር ይሉኛል ብዬ ነበር፣ አላሉም። "የስንት ዓመት ነው የጠፋው?" አሉ። "የአንድ።" "እንግዲህ ሁላችሁም ደብተራችሁን አምጡ" ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ፣ የወንበር ግዢ ነበር።

እኔ ደብተሩን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ አባል አንዲት ትንሽ ደብተር አለችው፣ ሲከፍል ወሩን ጽፌ እፈርምለታለሁ፣ ለወጉ ያህል ነበር የሚመስለኝ። በሁለት እሁድ 160 ምናምን ደብተር መጣ። በፌስታል የተጠቀለለ አለ፣ ዘይት የጠጣ አለ፣ አንዱ ከጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ነው የወጣው ዕጣን ዕጣን ይሸታል፣ አንዱ ጀርባ ላይ የልጅ የማባዣ ሰንጠረዥ ተጽፎበታል። ሳሎኔ ውስጥ ዘርግቼ 2014ን ወር በወር መልሼ ሞላሁት፣ የራሴን ፊርማ 1,900 ጊዜ ያህል አየሁ ማለት ነው፣ ስቸኩል እንዴት እንደምፈርም ሳይቀር።

የእማማን ደብተር ስከፍት ነው የቆምኩት። ከታች በኩል ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ። ሐምሌ 2014፣ 50 ብር፣ ፊርማ፣ የኔ። ኤክሴሉ ላይ ግን፣ ያ አንድም ባይት ሳይጎድል በደህና የተገለበጠው የ2015 ፋይል ላይ፣ መስከረም ትይዩ እንዲህ ይላል፦ የሐምሌ ውዝፍ 50፣ ቅጣት 20፣ ተከፍሏል። ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ አንድ መስመር ዘልያለሁ ማለት ነው፣ ከዛ ውዝፍ አለብዎት ብዬ 70 ብር ተቀብያለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሌሊት እየተነሳሁ ያዳንኩት ስህተቴን ነው፣ ከነቅጣቱ።

ዛሬ ከስብሰባ ስወጣ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ነገሩን አስረዳኋቸው፣ ሰባ ብሩንም አወጣሁ።

"እማማ፣ ያኔ ከፍያለሁ ብለው ለምን አልነገሩኝም? ደብተሩ እኮ እጅዎ ላይ ነው።"

"ነግሬህማ ነበር። ኮምፒውተሩ እንደዚህ ነው የሚለው አልከኝ።"

አላስታውሰውም። ግን ብያለሁ፣ የኔ አነጋገር ነው።

ብሩን አልተቀበሉም፣ የሚቀጥለው ወር ላይ አስበው አሉ። እሺ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባዋለሁ አልኳቸው። ደብተሯን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አቀበሉኝና "እዚህ ጻፍ" አሉ። በጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አዩት፣ አራቁት፣ አቀረቡት፣ መለሱልኝ።

"ቀን የለውም።"