ከደብረ ብርሃን ወደ ኪጋሊ፦ ከመነሳቴ በፊት ስላለው ፍርሃት

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ ሳይክሌን ፈትቼ በካርቶን አሽጌ ወደ ሩዋንዳ እሄዳለሁ። ብቻዬን ነው የምሄደው። ከሀገር ስወጣም የመጀመሪያዬ ነው። አብረን የምንነዳ ልጆች ሰሞኑን ስለ ጎማው፣ ስለ ማርሹ፣ ስለ ሻንጣው ስትጠይቁኝ ከርማችኋል፤ እሱንም እነካካለሁ። ዛሬ በዋናነት መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ ፍርሃቱ ነው። ከዝግጅቱ ሁሉ ብዙ ጉልበት የወሰደብኝ እሱ ነው፤ ከእናንተም መካከል ነገ ተነገ ወዲያ የሚወጣ ስለማይጠፋ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

መጀመሪያ ለምን ሩዋንዳ? በመስከረም 2018 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ኪጋሊ ላይ ሲካሄድ በስልኬ ስከታተል ነበር። ሻምፒዮናው አፍሪካ ምድር ላይ ሲደረግ ያ የመጀመሪያው ነው። የወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን የአቀበቱ ድምር ከ5,000 ሜትር በላይ ነበር። በሴቶቹ ካናዳዊቷ ማግዳሌን ቫሊየር ብዙዎች ያልጠበቁትን ድል ወሰደች። እኔን የማረከኝ ግን መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ነው፤ መጨረሻ ለወጣችውም እንደ አሸናፊዋ ያጨበጭብ ነበር። ሳይክል የሚወድ ሕዝብ መካከል ብደክምም አልጠፋም ብዬ አሰብኩ።

ሌላውም ምክንያት አለ። የአፍሪካ ኅብረት አባል አገር ዜጋ ሩዋንዳ ሲደርስ የ30 ቀን ቪዛ ያለ ክፍያ ያገኛል። መኪና የሚነዳውም እንደኛ በቀኝ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በግራ ስለሚነዱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስወጣ አደባባይ ላይ ግራና ቀኝ እንዲምታታብኝ አልፈለግሁም። የቢጫ ወባ ክትባቱን አስቀድሜ ወሰድኩ፤ ካርዱ ተቀባይነት የሚኖረው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። አንዴ ከተወሰደ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ትኬቱን በቆረጥኩ ማግስት ፍርሃቱ መጣ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያነቃኛል። "ምን ሆንኩ?" ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልስ የለውም፤ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ብቻ ይጠብቃል። ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ ተነስቼ መብራት አበራሁና የምፈራውን ሁሉ እየነጠልኩ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። እዚያ ላይ የገረመኝ ነገር፣ "አቀበቱን እችለው ይሆን?" የሚል ፍርሃት አልነበረም። የምንኖረው 2,840 ሜትር አካባቢ ነው፤ ኪጋሊ ደግሞ 1,500 እና 1,600 መካከል። ሩዋንዳ የሺህ ኮረብታ አገር ብትባልም አየሩ ከኛ ይልቅ ለሳንባ ይበዛል። የጣርማ በርን ንፋስ ፊት ለፊት ይዞ የወጣ ሰው እግሩን ሊጠራጠር አይገባም።

የጻፍኩት ሌላ ነው። ሳይክሉ ማንም በሌለበት ቢበላሽስ? ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ቢከዳኝስ? ሙቀቱ ቢያዞረኝስ? ከሁሉ በታች ደግሞ እናቴ የተናገረችው ቃል አለ። "የሰው አገር? ማን አለሽ?" ነበር ያለችው። ወረቀቱ ላይ በትልቁ የጻፍኩት ይኼኛውን ነው።

የሳይክሉ ጉዳይ ቀላሉ ሆኖ ተገኘ። እኛ ዘንድ አንድ ነገር ሲጎድል ጎሚስታው ቅርብ ነው፤ እሱም ባይኖር ከመካከላችን አንዱ ይሠራዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከምታሠሩበት ጋሽዬ ዘንድ ሄጄ "ጋሼ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፤ እኔ ልፍታ፣ እርስዎ ይዩኝ" አልኳቸው። ደስ ብሏቸው በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ከመነዳሪ መለጠፍ፣ የተበጠሰ ካቴና ማጋጠም፣ የፍሬን ገመድ መቀየር፣ የላላ ራጅ ማጥበቅ፣ ኋላም ሳይክሉን ሙሉ በሙሉ ለካርቶን ፈትቶ መልሶ መግጠም። የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ይኼን የማያውቅ ሰው ሲታገል የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል። የኋላ ማርሽ መቀየሪያውን ከነማቀፊያው ፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ፍሬሙ ላይ ማሰር ነው፤ በጉዞ ቶሎ የሚጣመመው እሱ ነው። ጋሼ ከእጄ ላይ መሣሪያ አልወሰዱም፤ ሲጨንቀኝ ብቻ "ቀስ በይ፣ ልጄ፤ ብሎን አይሸሽም" ይሉኛል። አሁን ደጃችን ላይ በማለዳ ውርጭ፣ ጣቴ ደንዝዞም ቢሆን እሠራዋለሁ። ይህ ፍርሃት ከሌሊቱ ዝርዝር ወጥቷል።

ቁልቁለቱንና ሙቀቱን አንድ ላይ የተለማመድኩት በሸዋ ሮቢት መንገድ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሁልጊዜ አስቀድሜ ከሾፌሮች እጠይቃለሁ፤ "ተይው" ካሉኝ እተወዋለሁ። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ከመግባቴ በፊት የፊትና የኋላ መብራት አበራለሁ፤ ከዋሻው ወጥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ሮቢት እስኪገባ ከ1,800 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። የእኔ ፍሬን ቸርኬውን የሚነክስ ዓይነት ስለሆነ ሳያቋርጡ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ ሲብስም ከመነዳሪውን ያፈነዳል። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ፣ ነፋሱ እስኪያቀዘቅዘው መጠበቅ፤ መላው ይኼ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ሲነሳም በመሀል ቆሞ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ የምሄድበት የኪቩ ሐይቅ ዳርቻ ደግሞ 1,460። በከፍታ ይቀራረባሉ። እዚያ በጠራራ ፀሐይ ስነዳ፣ ጨው ያለው ውኃ ቶሎ ቶሎ ስጠጣ፣ ሰውነቴ እየለመደ መሄዱ ይታወቀኛል። ሽቅቡን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኜ ነው የምመለሰው፤ የምለማመደው ሙቀቱን ስለሆነ አላፍርበትም።

የቀረው "ማን አለሽ?" ነው፤ እሱ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ለመለማመድ ብዬ ብቻዬን አንኮበር ወጥቼ ለማደር ወሰንኩ። ከኛ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም ሰው ሳይከተለኝ አልጋ ይዤ፣ ብቻዬን በልቼ፣ ብቻዬን ተነስቼ የምመለስበት ጉዞ ይሁን አልኩ። ለማንም እንዳልደውልም ወስኜ ነበር። መንገዱ ላይ እረኞቹ "ነይ፣ ውኃ ጠጪ" ይሉኛል። አንድ አባት ከአህያቸው ኋላ እየሄዱ "ከማን ልጅ ነሽ?" ብለው ዘር ማንዘሬን ጠየቁኝ። አልጋ ያከራየችኝ እትዬም ምሳውን ስታቀርብ "ብቻሽንማ አትበዪም፣ ነውር ነው" ብላ ከልጇ ጋር መሶቡ ዙሪያ ተቀመጠች፤ አጎረሰችኝ። ማታ ደግሞ ብርድ እንዳይመታኝ ተጨማሪ ባና አምጥታ አለበሰችኝ።

በሰሜን ሸዋ ብቻነትን መለማመድ እንደማይቻል የገባኝ እዚያ ነው። ያን ሌሊት አንኮበር ላይ ግን ሌላም ነገር ገባኝ። ከእነዚያ ሰዎች አንዳቸውንም ከዚያ በፊት አላውቃቸውም። ስለዚህ እኔ ሰው አጣለሁ ብዬ አልነበረም የምፈራው፤ እረኛው ሲጠራኝ፣ አባትዬው ሲጠይቁኝ፣ እትዬ "ብዪ" ስትለኝ መልስ የምሰጥበት ቋንቋ ስለሌለኝ ነው። ሰላምታ ተቀብሎ ዝም ማለት፣ ተጋብዞ ማመስገን አለመቻል፣ ለኔ ቢጤዋ ከጎማ መፈንዳት ይብሳል። ይኼ ደግሞ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

ኪንያርዋንዳ እየተማርኩ ነው። ብዙ አይደለም። "ሙራሆ" ብዬ ሰላም እላለሁ፣ "ሙራኮዜ" ብዬ አመሰግናለሁ፣ "አማዚ" ብዬ ውኃ እጠይቃለሁ፤ ሳይክሌን "ኢጋሬ" እለዋለሁ። ብቻዬን መሆኔን፣ ከኢትዮጵያ መምጣቴን፣ ወዴት እንደምሄድ መናገርም ችያለሁ። ይበልጥ ያጽናናኝ ሰዓት አቆጣጠራቸው ነው። በቋንቋቸው ሲቆጥሩ እንደኛ ከንጋት ነው የሚጀምሩት፤ የእነሱ አንድ ሰዓት ጠዋት ነው። በሰዓት ክልል ከኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆኑ እናቴ ስልኳን የምታነሳበትን ጊዜ አብረን አስልተናል። ማታ ማታ አልጋ ስይዝ እደውላለሁ፤ ኔትወርክ ከሌለ ግን ማግስቱን ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ድረስ እንዳትጨነቅ ተስማምተናል። ይህን ስምምነት ወረቀት ላይ ጽፋ ከማርያም ሥዕል ጎን ለጥፋዋለች።

ሌላው የብቻ ሸክም መወሰን ነው። በቡድን ስንነዳ ከመካከላችን አንዱ "እንመለስ" ይላል። ብቻውን የሚነዳ ሰው ግን እልህ ይይዘዋል፤ ወይም ያለ ምክንያት ይሸሻል። ለዚህ ቤቴ ተረጋግቼ ሳለሁ ውሳኔዎቹን አስቀድሜ ጽፌያቸዋለሁ። ሩዋንዳ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥልቅ ትላለች፤ ስለዚህ አሥር ሰዓት ላይ የትም ልሁን አልጋ መፈለግ እጀምራለሁ። መብረቅ ካለ እቆማለሁ። መንገዴ ከኪጋሊ በሙሃንጋ አድርጎ ኪቩ ዳር እስካለችው ካሮንጊ ነው፤ ወደ ሩባቩ አልወጣም፣ ድንበሩ ማዶ ጎማ በምትባለው የኮንጎ ከተማ ያለውን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለንና። እነዚህ ላይ መንገድ ላይ ሆኜ ከራሴ ጋር አልከራከርም።

ሆኖም ሆዴ አሁንም ይላወሳል። ይኼ እንደማይጠፋ ተቀብያለሁ፤ በረጅም ጉዞ ዋዜማ ሁልጊዜም ነበር። የሚረዳኝ አተነፋፈስ ነው፤ በአራት ቆጥሬ አስገብቼ በስምንት አስወጣለሁ። አስወጣጡ ሲረዝም የልብ ምት ይቀንሳል፤ ለራሴ ጣቴን የእጄ ሥር ላይ አድርጌ አይቼዋለሁ። ጠዋት ምግብ አልወርድ ሲለኝ በሶ በማር በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ሌላው ሁሉ ሲመልሰኝ እሱ ይቀመጣል። ለጉዞውም በሶና ቆሎ በጨርቅ ከረጢት አሰፍቼ አዘጋጅቻለሁ። ሩዋንዳ ፌስታል ከከለከለች ቆይታለች፤ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው፤ ሻንጣችሁ ውስጥ የተረሳ ፌስታል እንዳይኖር ፈትሹ።

እየፈራሁ ስለ ቀደሙት አስባለሁ። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሜልቦርን ኦሎምፒክ ድረስ ሄደው ለኢትዮጵያ ነድተዋል። እኔ ኪሴ ውስጥ የያዝኩት ስልክ፣ ከነካርታውና ከነአየር ትንበያው፣ አልነበራቸውም። ጽጋቡ ግርማይም በ2016 (እ.ኤ.አ.) የቱር ደ ፍራንስ መነሻ ላይ ሲቆም ከፊቱ የሄደ ኢትዮጵያዊ የለም። የኔ ጉዞ ውድድር አይደለም፤ ሆኖም እንደነሱ ያለ ማንም ያልጠረገው መንገድ ላይ አይደለሁም፤ ይኼን ሳስብ ትከሻዬ ይላላል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዲህ ነው ያሰብኳቸው። ዓርብ እደርሳለሁ። ቅዳሜው የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋቱን ሕዝቡ "ኡሙጋንዳ" በሚሉት የጋራ ሥራ ላይ ይውላል፤ መንገድ ያጸዳሉ፣ ቦይ ይቆፍራሉ፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ትራፊክም የለም። እኔም ያን ጊዜ ሳይክሌን እገጥማለሁ። ኪጋሊ በወር ሁለት እሑድ ጠዋት ዋና ዋና መንገዶቿን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛና ለሳይክል ትለቅቃለች፤ ጉዞዬን ያቀድኩት ከነዚያ እሑዶች በአንዱ እንዲጀምር ነው። ከተማዋን ከሕፃናቱና ከአዛውንቱ ጋር ቀስ ብዬ እዞራታለሁ፣ ፍሬኑንና ማርሹን እፈትሻለሁ፣ ሰላምታዬን እለማመዳለሁ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወደ ሙሃንጋ፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አብዛኛው ሽቅብ። ኪጋሊ የነዳችሁ ካላችሁ፣ ከከተማ ሲወጣ ያለው የኛባሮንጎ ድልድይ አካባቢ ማለዳ ላይ የጭነት መኪና ይበዛ እንደሆነ ጻፉልኝ፤ መነሻ ሰዓቴን በሱ ነው የማስተካክለው።